የጉናዋ ዋናተኛ

እናቴ ብዙነሽ የጉና ሴት ናት ብዬ ነው ያደግሁ። ባና ተከናንባ ገብስ የምታሰጣ፣ የድንች ማሳ የምትኮተኩት፣ ጥር ገብቶ ውርጩ ሣሩን ሲያነጣው እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ከቤት ወደ በረት የምትመላለስ ሴት። ከሰፈራችን ሴቶች የምትለየው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ብርዱን አልለመደችውም። እነሱ ነጠላ ጣል አድርገው በሚወጡበት ጠዋት የእሷ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ጎረቤቶቻችን "ባሕረኛዋ" ይሏታል፤ ከጣና በኩል መጥታ ያገባች መሆኗን ለማለት ነው። ለእኔ ግን ይህ ስም እንደ ማንኛውም የቅጽል ስም ነበር።

እሷም ስለ አገሯ አታወራም። አንድ ነገር ብቻ ትዝ ይለኛል። ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሲወርድ ሌሎች ሴቶች ድምፁን ፈርተው ይሸሻሉ። እናቴ ግን ጥጃ የምትፈልግ መስላ ወደ ዳሩ ትወርድና ቆማ ትቀራለች። ሄጄ ቀሚሷን እስክጎትት ድረስ አትመለስም። አባቴ ደግሞ ተቃራኒዋ ነበሩ። ውሃው ከቁርጭምጭሚት ባያልፍም የሰው እጅ ሳይዙ ወንዝ አይሻገሩም። መሪጌታ ገብረኪዳን ይባላሉ፤ ጉና ተዳፋት ላይ ባለች ደብር ቅኔና ዜማ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ሳቅ የማያበዙ ሰው። ተማሪዎቻቸው ከሩቅ ሲያዩአቸው ጨዋታ ያቆማሉ።

እኔ አድጌ አስተማሪ ሆንሁና ደብረ ታቦር ገባሁ። ፋሲልን አገባሁ፤ ከተማው ውስጥ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ነው። ዮርዳኖስንና ቃለአብን ወለድን። ይህን የምነግራችሁ ነገር የሆነው ዮርዳኖስ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ቃለአብ ደግሞ ሰባት ዓመት በሆናቸው ጊዜ ነው። አባቴና እናቴ ጥምቀትን ከእኛ ጋር ሊያከብሩ ከጉና ወርደው ነበር።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ቤት ቁጭ ብለን ሳለ ቃለአብ የአባቱን ስልክ ይዞ ጮኸ።

"እማዬ፣ እይ! ደሴት ነው!"

ቪዲዮው ላይ አንድ ቤተሰብ ሞቃት ደሴት ላይ ለዕረፍት ወጥቷል። አሸዋው ነጭ ነው። አባትየው ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ውሃ ውስጥ ይሮጣል፤ እናትየዋ ትንሽ ጀልባ ትቀዝፋለች፤ ልጆቹ አንዴ አሸዋ ቆልለው ቤት ይሠራሉ፣ አንዴ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ አንዴ ተያይዘው ከድንጋይ ላይ እየዘለሉ ይገባሉ። ቃለአብ ዓይኑን ሳይነቅል ካየ በኋላ ጠየቀ።

"እኛ መቼ ነው ደሴት የምንሄድ?"

"አንተ ደግሞ" አለችው ዮርዳኖስ። "ደሴት በአውሮፕላን ነው የሚኬድ።"

እናቴ ከከሰሉ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ታሞቅ ነበር። አንገቷን አስግጋ ስልኩን አየች።

"ምን በአውሮፕላን አስኬደው" አለች። "እኔ የተወለድሁት ደሴት ላይ አይደል እንዴ።"

ልጆቹ እንደ አንድ ሰው ዞሩ።

"እማማ፣ እውነትዎን ነው?"

"እውነቴን ነው እንጂ። ጣና ላይ። ብርብራ ትባላለች። ትንሽ ናት፤ ዛፍ የበዛባት።"

"ውሃ ውስጥ ይገቡ ነበር?" አለ ቃለአብ።

እናቴ ወደ አባቴ አየት አደረገች። አባቴ መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። "ዱሮ ነው፣ ልጄ" አለችና ወደ ከሰሉ ተመለሰች። ያየችበት ሁኔታ ደንቆኝ ነበር። ፈቃድ የምትጠይቅ ትመስላለች።

ነገሩን ያነሳው ፋሲል ነው። "የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት እየመጣ ነው፤ መንገዱም ሰሞኑን ሰላም ነው ይላሉ። ለምን ብርብራ አንሄድም? የእማማ ዘመዶች አሉ አይደል?"

"የወንድሜ ልጅ ማሩ አለ" አለች እናቴ በፍጥነት። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "መሪጌታ ካልሄዱ ግን እኔም አልሄድም።"

"እናንተ ሂዱ" አሉ አባቴ። "እኔን ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል።"

ልጆቹ ለመኑ። እኔም ለመንሁ። እሳቸው እንቢ አሉ። በመጨረሻ ቃለአብ ፊታቸው ቆመና፣ "አባባ፣ ውሃ ይፈራሉ እንዴ?" ብሎ ጠየቃቸው።

አባቴ መቁጠሪያውን ጨብጠው ልጁን አዩት።

"ማነው የሚፈራ!" አሉ።

እንዲህ ሆነና ሁላችንም ሄድን።

ከደብረ ታቦር በጠዋት ስንወጣ ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነበር። የተኮናተርነው ሚኒባስ መስኮት በትንፋሻችን ጭጋግ ሆነ። ቁልቁል በወረድን ቁጥር አየሩ እየተለወጠ ሄደ። አንበሳሜ ላይ ዳቦና ሻይ ልንቀምስ ስንወርድ ገበያተኛው ክንዱን ገልጦ ፀሐይ ይሞቃል። እናቴ መጀመሪያ ባናዋን አወለቀች። ትንሽ ቆይታ ሹራቧን አወለቀች። ሐይቁ ከሩቅ ሲታይ ደግሞ ሻሿን ፈታች፤ ነፋሱ ሽበቷን ሲበትነው አልሰበሰበችውም። አባቴ ግን ከነበርኖሳቸው ነበሩ። ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ፣ "አይ፣ አይሞቅም" ይላሉ።

ማሩ የሞተር ጀልባ ይዞ ዳር ላይ ጠበቀን። ረዥም፣ ጥቁር፣ ጥርሱ የሚያበራ ሰው ነው። እናቴን አቅፎ ሲስማት፣ "አክስቴ፣ አባቴ ሳይሞት ቢያይሽ ኖሮ" አላት። ወንድሟ ሲቀበር መንገዱ ርቋት አልደረሰችም ነበር። እናቴ ጉንጩን ዳሰሰችው፤ አላለቀሰችም። ወደ ጀልባዋ ገብታ ጠርዙ ላይ ተቀመጠችና እጇን ውሃው ውስጥ አደረገች። ደሴቱ እስክንደርስ አላወጣችውም።

አባቴ መሀል ላይ ተቀምጠው የጀልባዋን ሁለት ጠርዝ ጨምድደው ይዘው ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከትንሽ ማዕበል ጋር ጀልባዋ ከፍ ባለች ቁጥር ጸሎታቸው ይፈጥናል። ፋሲል በዓይኑ ጠቀሰኝና ሳቄን ዋጥሁ።

ብርብራ እናቴ እንዳለችው ትንሽ ናት። ስሟን የሰጧት ዛፎች እስከ ውሃው ዳር ወርደዋል። በአንድ በኩል ጥቁር ድንጋይ፣ በሌላው ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ በመካከል ደግሞ የአንድ አውድማ ስፋት ያላት አሸዋ አለች። ሎሚ፣ ፓፓያ፣ ሸንኮራ በየጓሮው አለ። ቃለአብ ገና ሲወርድ ጫማውን አወለቀና አሸዋዋ ላይ ሮጠ። "ነጭ አይደለም፤ ግን ይሞቃል!" ብሎ ጮኸ።

ማሩ ቤት ደጅ ላይ ከእናቴ ዕድሜ የማያንሱ ሴት ወገባቸውን ይዘው ቆመው ነበር። እትዬ ዘነበች ናቸው፤ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ። ሁለቱ ሲተያዩ የማቀፍ ነገር የለም።

"ጠፍጣፋ እግር! እስካሁን አልሞትሽም?" አሏት እትዬ ዘነበች።

"አንቺን ሳልቀብርማ!" አለች እናቴ። እናቴ እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ትከሻ ለትከሻ ተገፋፉ፤ ኋላ ተቃቅፈው ቆሙ፤ የትኛዋ እንደምታለቅስ ከጀርባቸው መለየት አልቻልሁም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ጠዋት ማሩ ልጆቹን ይዞ ዓሣ ማጥመድ ይወጣል። ዮርዳኖስ መጀመሪያ ትል መንጠቆ ላይ መሰካት አስጠልቷት ነበር፤ አንድ ቆረሶ ዓሣ ከያዘች በኋላ ግን ትሉን ራሷ ትቆፍር ጀመር። የያዙትን እትዬ ዘነበች ይጠብሱታል፤ በዳጣ እያጠቀስን ጣታችንን እንልሳለን። ቀትር ላይ እናቴ ደንገል ቆርጣ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ታንኳ ለቃለአብ ሠራችለት። ፋሲል አስተካክሎ ሊሠራ ሞከረና የእሱ ታንኳ ወዲያው ተገለበጠች። ጠፍጣፋ ድንጋይ ውሃው ላይ ማስነጠር ተወዳደርን። ወደ ማታ ላይ ጉማሬዎቹ ከደንገሉ ባሻገር ጭንቅላታቸውን ሲያወጡ ዛፍ ስር ተደብቀን አየናቸው፤ ቃለአብ ትንፋሹን ይዞ ክንዴን በጥፍሩ ወጋኝ። ፋሲል እንደ ልማዱ መድኃኒት ቤቱን ከቤት አልተወውም። "ደንገሉ መካከል የተኛ ውሃ ውስጥ እንዳትገቡ፣ ቢልሃርዝያ አለ" እያለ ይከተለን ነበር። ማሩ ሳቀበትና፣ "በድንጋዩ በኩል ጥልቅና ንጹሕ ነው፤ እኛም እዚያ ነው የምንገባ" ብሎ አሳየን።

አባቴ ከእኛ ጋር ነበሩ፤ ግን ከውሃው አይጠጉም። ከላይ የብርብራ ዛፍ ስር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መጽሐፋቸውን ይዘው ያዩናል።

እናቴ ውሃ የገባችበትን ቀን ግን ሁላችንም አንረሳውም።

ፋሲል ልጆቹን ድንጋዩ ጋ ዳር ዳሩን ያለማምዳቸው ነበር። ራሱም ያን ያህል አይችልም። ዮርዳኖስ ውሃውን በእጇና በእግሯ ትደበድባለች፤ ከቦታዋ ግን አትንቀሳቀስም። እናቴ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አየቻት፣ አየቻትና፣ "እንዲያ አይደለም፣ ልጄ፤ ውሃውን አትጣዪው" አለች።

"እንዴት ነው ታዲያ?" አለች ዮርዳኖስ፣ ውሃው እያነቃት።

እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች። የቀሚሷን ጫፍ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች። ከድንጋዩ ጫፍ ላይ አንዴ አማተበችና ሳታመነታ ዘለለች።

ውሃው ዘጋባት። ክበቡ እየሰፋ ሄደ፤ እናቴ ግን የለችም። ፋሲል ሊገባ ሲል ካሰብነው በላይ ራቅ ብላ ወጣች። ፀጉሯ ጭንቅላቷ ላይ ተለጥፎ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራ። ቀጥላ በጎኗ ሆና መዋኘት ጀመረች። ድምፅ የለውም። ውሃው መንገድ የሚለቅላት ይመስላል። ወገቤን አመመኝ፣ ጉልበቴን ቆረጠመኝ የምትለው አሮጊት የት እንደደረሰች እንጃ፤ ያቺ ውሃው ውስጥ የነበረችው ሴት ምንም አላመማትም።

"ብዙነሽ!"

አባቴ ነበሩ። መጽሐፋቸውን ጥለው፣ በርኖሳቸው ከትከሻቸው ወድቆ፣ ቁልቁለቱን እየሮጡ መጡ። አባቴ ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ውሃው ዳር ሲደርሱ እግራቸው እንደተተከለ ቀረ። "ብዙነሽ! ውጪ! ውጪ እባክሽ!"

እትዬ ዘነበች ከኋላ ሸንኮራ እየላጡ ነበር። በሳቅ ወደቁ።

"ምነው መሪጌታ! እርስዎን ከባሕር ያወጣች ልጅ ትሰምጣለች ብለው ነው?"

ሁላችንም ዞር ብለን አየናቸው። እትዬ ዘነበች ሳቃቸው ቆመ። "ውይ! ልጆቹ አያውቁም እንዴ?" አሉ።

እናቴ ወደ ድንጋዩ ደርሳ ነበር። "ተይ፣ ዘነቡ" አለች ከውሃው ውስጥ ሆና።

"ምኑን ነው የማናውቀው?" አልሁ።

አባቴ ድንጋዩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። "እኔ ልናገረው" አሉ። "የእኔ ነገር ነው፤ እኔ ልናገረው።"

ልጆቹ እርጥብ እንደሆኑ እግራቸው ስር ተቀመጡ። አባቴ ለተማሪዎቻቸው ሲናገሩ ከሰማሁት ሁሉ በተለየ፣ ቃል እየፈለጉ፣ እየቆሙ ነገሩን።

"ወጣት ተማሪ ነበርሁ፤ ከባሕሩ ማዶ ካለ ጉባኤ ቤት። የዚህች ደሴት ደብር ክብረ በዓል ሲደርስ እኔና ጓደኞቼ በታንኳ መጣን። ነፋስ ተነሳና ታንኳችን ተገለበጠች። ጓደኞቼ የባሕር ዳር ልጆች ስለነበሩ ታንኳዋን ይዘው ዳኑ። እኔ የደጋ ሰው ነኝ። የበግ ለምዴ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ወደ ታች ወሰደኝ። ከዚያ በኋላ የማውቀው አንድ እጅ ፀጉሬን ሲጎትተኝ ነው። ዳር ስደርስ ዓይኔን ገለጥሁ። ደንገል ስትቆርጥ የነበረች አንዲት ልጅ ናት። 'እግርህን ዝም ብታደርገው ኖሮ ቶሎ አወጣህ ነበር' ብላ ተቆጣችኝ።"

ቃለአብ ሳቀ። "እማማ ናቸዋ!"

"አዎ፣ እማማህ ናት። ጓደኞቼ በዚያው በበዓሉ ቀን ቅኔ ዘረፉብኝ። ዲያቆኑ ዓሣ ሆኖ፣ ልጅቱ አጥማጅ ሆና። ሰው ሁሉ ሳቀ። በዓመቱ ሽማግሌ ላክሁባት። ከዚያች ቀን ወዲህ ሌላ ሴት ታይታኝ አታውቅም።" ይህን ሲሉ ወደ እናቴ አላዩም። "ጉና መምህር ሁን ተብዬ ስንወጣ ግን መንገድ ላይ አንድ ነገር ለመንኋት። ይህን ታሪክ ተራራው ላይ እንዳታነሺው አልኋት። ወጣት ነበርሁ፤ ተማሪዎቼ ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። እሷም እሺ አለች። አላነሳችም። እኔ ታሪኩን ብቻ የምትተው መስሎኝ ነበር። እሷ ባሕሩንም አብራ ተወችው። ይህን ዛሬ ነው ያየሁት፤ እዚያ ውሃ ውስጥ ፊቷን ሳይ።"

እናቴ ከውሃው ወጥታ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ከቀሚሷ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።

"ተዉት፣ መሪጌታ" አለች። "እኔ አንድም ቀን አልተከፋሁብዎ።"

"አውቃለሁ" አሉ። "እሱ ነው የባሰው።"

በርኖሱን ከወደቀበት ሊያነሱ የሚመስል ነገር አደረጉ፤ ግን አላነሱትም። "ታንኳ መቅዘፍ ዛሬም ትችያለሽ?" አሏት።

"ለምን?"

"ውሰጂኛ።"

እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ማሩ የራሱን ታንኳ ጎትቶ አመጣ። አባቴ ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸው ነጭ ነበር፤ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ የሕፃን እግር ይመስላል። ውሃው ሲነካቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እናቴ በአንድ እጇ ታንኳዋን፣ በሌላው ክንዳቸውን ይዛ፣ "ቀስ ብለው፤ መሀል ላይ፤ አሁን ይቀመጡ፤ እግርዎን ዝም ያድርጉት" አለቻቸው። በመጨረሻው ቃል ላይ ሁለቱም ሳቁ።

ልጆቹ አብረን እንሂድ አሉ። እኔ ያዝኋቸው።

እናቴ ቆማ ቀዘፈች። አባቴ ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ተቀመጡ። መቅዘፊያው አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ሲገባ ታንኳዋ ውሃውን እንደ ቅቤ ቆረጠችው። ደንገሉን ዞሩና ከዓይናችን ተሰወሩ። ጠበቅን። ፋሲል ሰዓቱን ደጋግሞ አየ። "ማሩን በሞተር እንላከው እንዴ?" አለኝ። ማሩ ግን ሸንኮራውን እያኘከ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በዚያን ጊዜ ከደንገሉ ባሻገር የአባቴ ሳቅ ተሰማ። ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ከሆድ የወጣ፣ ሳል የቀላቀለው፣ መቆም የማይችል ሳቅ። ውሃው ላይ እየተንሸራተተ መጣና ልጆቹንም አሳቃቸው፤ ምን እንደሆነ ሳያውቁ።

ሲመለሱ ፀሐዩ ዘቅዝቆ ነበር። የአባቴ ሱሪ እስከ ጉልበት ርሷል። "ምን እያወራችሁ ነበር?" ብዬ እናቴን ጠየቅኋት።

"ምንም" አለች። "ደንገል የምቆርጥበትን ቦታ አሳየኋቸው።"

ከዚያ የበለጠ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

የቀሩት ቀናት የእነሱ ነበሩ። እናቴ ዮርዳኖስን ውሃ ላይ በጀርባ መንሳፈፍ አስተማረቻት፤ ከታች እጇን አድርጋ፣ ሳታውቅባት እጇን ቀስ ብላ እያነሳች። ከእትዬ ዘነበች ጋር በታንኳ ተወዳደሩ። እናቴ ተሸነፈችና፣ "ጭነቱ ከብዶብኝ ነው" ብላ በአባቴ አመካኘች፤ እሳቸውን አሳፍራ ነበርና። ቃለአብ አባቴን አሸዋው ላይ አስቀምጦ እግራቸውን ቀበረ። ሲቀብራቸው ዝም ብለው ጠበቁ፤ ሲጨርስ ጣታቸውን አንቀሳቅሰው አስደነገጡት። የምንሄድበት ቀን ሲደርስ ያለቀሰው ቃለአብ ብቻ አልነበረም።

በዓመቱ ብርዱ ሳይገባ አባቴ ደብረ ታቦር መጡ። ጉባኤ ቤቱን ለአንድ ጎበዝ ደቀ መዝሙራቸው አደራ ሰጥተውታል። "የውርጩን ወራት ብርብራ ልንከርም ነው" አሉኝ። "ብዙነሽን ላሙቃት።" ይህን ሲሉ እናቴ ከኋላቸው ቆማ እንደ ልጃገረድ መሬት መሬት ታይ ነበር። ሄዱ። ማሩ በስልክ ይነግረን ነበር፤ አባቴ የደሴቱን ልጆች ዛፍ ስር ሰብስበው ፊደል ያስቆጥራሉ፤ እናቴ ደንገል ትቆርጣለች፤ አንዳንዴ አመሻሽ ላይ ሁለቱ በታንኳ ይወጣሉ። እኛም ልጆቹን ይዘን ሄደን ጥቂት ቀን አብረናቸው ቆየን።

ለሁለተኛ ጊዜ መሄድ ግን አልሆነላቸውም። በሚቀጥለው ሐምሌ፣ ጉና ላይ ጉሙ ቤቱን ሁሉ በሸፈነበት ሰሞን አባቴ ታመው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። በደብራቸው አጸድ፣ ሲያስተምሩበት በኖሩበት ዛፍ አጠገብ ተቀበሩ። ተማሪዎቻቸው ከየአገሩ መጥተው አለቀሱላቸው።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ማሩ ከብርብራ መጣ። እናቴን ሊወስዳት ነው። ሁላችንም ትሄዳለች ብለን ነበር። እኔ ልብሷን ሳይቀር ማሰናዳት ጀምሬ ነበር። ቤት አላት እዚያ፤ ዘመድ አላት፤ ጓደኛ አላት፤ የምትወደው ሙቀት አለ። ጉና ምን ቀራት? እሷ ግን ማሩን ምሳ አብልታ፣ ገብስና ድንች በጆንያ ሞልታ፣ "ለዘነቡ ስጥልኝ" አለችው።

"አክስቴ፣ አንቺስ?"

"እኔ እዚሁ ነኝ።"

"ብርዱን እንዴት ትችይዋለሽ፣ እማ?" አልኋት።

እናቴ ወደ ደብሩ በኩል አየች። ጉሙ ገና አልተገለጠም፤ የዛፎቹ ጫፍ ብቻ ይታያል።

"ባሕሩ የትም አይሄድም፤ ብዙ ሰው አለው" አለች። "እሳቸው ግን ለብርድ አዲስ ናቸው። መሬት ውስጥ ያለ ብርድ ሌላ ነው። ብቻቸውን ትቻቸው አልሄድም።"

ማሩ ጆንያውን ተሸክሞ ብቻውን ወረደ።

አሁን በየዓመቱ የመንፈቁ ዕረፍት ሲደርስ፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ፣ ይዘናት ብርብራ እንወርዳለን። ዮርዳኖስ አድጋለች፤ ታንኳ ብቻዋን ትቀዝፋለች። ቃለአብ ከድንጋዩ ላይ ይዘልላል። እናቴ ትዋኛለች፤ ከእትዬ ዘነበች ጋር ትሰዳደባለች፤ ዓሣ ትበላለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ተራራው በኩል ማየት ትጀምራለች፤ ያን ጊዜ ዕቃችንን እንሸክፋለን።

ዘንድሮ ስንመለስ ከአንበሳሜ አልፈን ዳገቱን ስንጀምር አመሸብን። ልጆቹ ሙቀቱ ስላለቀ አዝነው በየመስኮቱ ተደግፈዋል። ፋሲል መስኮት ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ እናቴ ያዘችው። የገባው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። አንዴ በረዥሙ ሳበችው።

"እሰይ" አለች፤ "አገሬ ደረስሁ።"